ከሳሎን አልከፈት ያለው ኤክስተርናል፦ የአንድ የባሕር ዳር ቤት የጉዳይ ጥናት

መነሻ

ሥራዬ ኮምፒውተር መጠገን ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ከቤት ቤት ስዞር ደጋግሜ የምሰማው አቤቱታ አለ፤ «ሼር ያደረግነው አልከፍት አለን» ይሉኛል። አብዛኛውን ጊዜ ቡናው ሳይፈላ ያልቃል። ይኼኛው ግን አንድ ሙሉ እሑድና የሰኞን ግማሽ ቀን በላብኝ። ችግሩ ከባድ ሆኖ አልነበረም። ሦስት ትናንሽ ችግሮች በአንድ ሰሞን ተገጣጥመው አንድ መስለው ስለታዩኝ ነው። ከሁሉም የሚቆጨኝ ደግሞ፣ ገና በሩን ሳልገባ የቤቱ እናት ግማሹን መልስ ነግረውኝ ነበር። አልሰማኋቸውም።

ቤተሰቡን አስፈቅጄ ነው የምጽፈው። ስማቸውንም ሰፈራቸውንም አልጠቅስም።

የቤቱ ሁኔታ

ግቢው ፊት ለፊት ዋናው ቤት፣ ከኋላ ሰርቪስ፣ መሃል ላይ ማንጎ ያለበት ነው። የቤቱ ልጅ የሰርግ ፎቶና ቪዲዮ ታነሳለች። ስቱዲዮ አልተከራየችም። ቀረጻው ሐይቁ ዳር ነው፤ ኤዲቱ እቤት። ታናሽ ወንድሟ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲሆን የቤቱ «አይቲ» እሱ ነው። እናታቸውን እትየ ነው የምላቸው።

ጊዜው ግንቦት 2017 ነበር። ዳግማይ ትንሣኤ ካለፈ በኋላ ባሕር ዳር ሰርግ በሰርግ ትሆናለች። ቅዳሜና እሑድ ከዘንባባዎቹ ሥር፣ ከሐይቁ ዳር፣ ከአዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ ቬሎ የለበሰች ሙሽራ አይጠፋም። በደንገል ታንኳ ላይ ካልተነሳን የሚሉም አሉ። ይኼ ሁሉ ፎቶና ቪዲዮ መቀመጫ ይፈልጋል። የእሷ መቀመጫ ባለ 2 ቴራባይት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ነው። ሌላ ቅጂ አልነበራትም። እዚህ ላይ ብቆጣ ደስ ባለኝ፤ ግን ከማውቃቸው ፎቶ አንሺዎች ብዙዎቹ እንደዚሁ ናቸው።

አሠራራቸው ግን ጥሩ ነበር። ኤክስተርናሉ ዊንዶውስ 10 ያለው ዴስክቶፕ ላይ ተሰክቶ ይውላል። ዴስክቶፑ ዲስኩን ለቤቱ ኔትወርክ ሼር ያደርገዋል። ሙሽሮች ሳሎን ሶፋ ላይ ተቀምጠው፣ ቡና እየጠጡ፣ በሌላ ላፕቶፕ ለአልበም የሚሆናቸውን ይመርጣሉ። ፍላሽ መገልበጥ የለም፣ ወዲያ ወዲህ ማለት የለም።

አንድ ነገር ላስታውስ። ይህ ሁሉ ኢንተርኔት አይፈልግም። ዋይፋዩ «ኢንተርኔት የለም» እያለ እንኳ ሳሎን ያለው ላፕቶፕ ሌላ ክፍል ያለውን ኮምፒውተር ማየት ይችላል። ራውተሩ መብራት ካገኘ በቂ ነው። «ካርድ ስላለቀ ነው ያልከፈተው» የሚል ሰው የማያጋጥመኝ ቀን የለም ማለት ይቻላል።

ችግሩ እንዴት ታየ

ቅዳሜ ማታ ዝናብ ነበረ፤ ነጎድጓዱም ከባድ ነበር። መብራት ሄደ፣ መጣ፣ እንደገና ሄደ። ሌሊት ላይ ተመለሰ። ዴስክቶፑ መብራት ሲመጣ በራሱ እንዲነሳ የተደረገ ነው፤ ተነሳ።

እሑድ ጠዋት እህት ቀረጻ ወጥታለች። ወንድም ሰርቪስ ቤት ሆኖ በራሱ ላፕቶፕ ሼሩን ከፈተ። የተከፈተው ግን የእነሱ ፎቶ አይደለም። መዝሙሮች፣ አንድ የሰርግ መጥሪያ ካርድ፣ ከማያውቃቸው ሰዎች ስልክ የተገለበጡ ፎቶዎች። የሦስት ዓመት የሰርግ ፎልደር አንድም የለም።

እህቱ ጋር ደወለ። «ፎቶው ሁሉ የለም» አላት። ሙሽራ ፊት ቆማ ይህን የሰማች ፎቶ አንሺ ምን እንደተሰማት መገመት አያዳግትም።

ቀጥሎ ወንድም ዴስክቶፑ ላይ የተሰካ አንድ ፍላሽ አየ። ነቀለው። አሁን ደግሞ ሼሩ ጭራሽ አልከፍት አለ። ወደ ሳሎን ሄዶ በዚያው ሳምንት በተገዛው አዲስ ላፕቶፕ ሞከረ። «የኔትወርክ መንገዱ አልተገኘም» የሚለው፣ ቁጥሩ በ80070035 የሚያልቀው መልእክት መጣ። ሰኞ ከሰዓት ደግሞ ሙሽሮች ለምርጫ ቀጠሮ አላቸው።

ለእኔ የተደወለው ያኔ ነው።

ከእኔ በፊት የተሞከረው

ወንድም እጁን አጣጥፎ አልጠበቀም። ራውተሩን አራት ጊዜ አጥፍቶ አበራ። የአዲሱን ላፕቶፕ ፋየርዎል፣ ማለትም ከኔትወርክ የሚመጣውን የሚያጣራውን መከላከያ፣ አጠፋ። ከአንድ ቪዲዮ ባየው መሠረት ኤስኤምቢ 1 የሚባለውን አሮጌ የፋይል መጋሪያ ቋንቋ ከተኛበት ቀስቅሶ አበራው። አንዱም አልጠቀመም። ሁለቱ ግን ጎጂ ነበሩ፤ እመለስባቸዋለሁ።

እኔ ስደርስ እትየ በር ላይ ተቀበሉኝ። «ልጄ፣ ይኼ ዕቃ ከሳሎን ከወጣ ወዲህ እኮ ነው እንዲህ የሆነው» አሉኝ። «እናየዋለን እትየ» ብዬ አለፍኩ። መብራት የሄደበት ሌሊት ስለሆነ ጥፋተኛው መብራት መሆኑን በልቤ ወስኜ ነበር።

የእኔ የመጀመሪያ ስህተት

ከተሳሳተው ጫፍ ጀመርኩ። ሳሎን ተቀምጬ ከአዲሱ ላፕቶፕ ጋር ታገልኩ።

ለምን? በዚያው ሰሞን ሁለት ቤት ተመሳሳይ ነገር ገጥሞኝ ነበር። ዊንዶውስ 11 ከ24ኤች2 ስሪቱ ጀምሮ በፋይል መጋራት ላይ ጠብቋል። በፕሮ እትሙ ላይ ያለ ስምና ፓስወርድ በእንግድነት መግባትን አይቀበልም። የሚላክ የሚመጣውም ፋይል በዲጂታል ፊርማ እንዲረጋገጥ ያስገድዳል። ኤክስተርናላቸውን አሮጌ ራውተር ጀርባ ላይ የሚሰኩ ሰዎች በዚህ ምክንያት በአንድ ማሻሻያ ማግስት ዲስካቸው ጠፍቶባቸዋል። አዲሱ ላፕቶፕም ዊንዶውስ 11 ፕሮ ነው። «ይኸው ነው» አልኩ።

አልነበረም። እዚህ ቤት ዲስኩን የሚያጋራው ራውተር ሳይሆን ዊንዶውስ 10 ነው። ዊንዶውስ 10 ፊርማውንም ያውቃል፣ ስምና ፓስወርድም ይጠይቃል። አንድ ደቂቃ ቆም ብዬ ባስብ ኖሮ ይገባኝ ነበር። ከአንድ ሰዓት በላይ ሴቲንግ ስቀያይር ቆየሁ። ትናንት ያየሁትን በሽታ ዛሬም ላይ ማየት የሙያችን ልክፍት ነው።

ሁለተኛው የቡና ዙር ላይ ላፕቶፑን ዘጋሁት። ከዲስኩ ጀምሬ ወደ ሳሎን እየመጣሁ ላጣራ ወሰንኩ። ዲስኩ ይሠራል? ዴስክቶፑ ዲስኩን ያያል? ሼሩ አለ? ሁለቱ ኮምፒውተሮች ይደማመጣሉ? የሚገባው ሰው ይታወቃል? የሚፈልገው ፎልደር ተፈቅዶለታል? አንዱ ሳይረጋገጥ ወደ ቀጣዩ ላለመሄድ ለራሴ ቃል ገባሁ።

ፎቶው የት ሄደ?

ዴስክቶፑ በእህት ፒን የተቆለፈ ነው። በስልክ ነገረችንና ከፈትነው። ፎቶዎቹ አሉ። ሁሉም። ወንድም ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ።

የሆነው እንዲህ ነው። ዊንዶውስ ለሚሰካ ዲስክ ሁሉ የእንግሊዝኛ ፊደል ይሰጣል። ኤክስተርናሉ ከዱሮም «ኢ» ነበር። ሼሩም የተሠራው «ኢን አጋራ» ተብሎ ነው። አርብ ዕለት አንዲት ደንበኛ ፎቶ እንዲገለበጥላት ፍላሽ ትታ ሄዳ ነበር፤ ፍላሹም ዴስክቶፑ ላይ እንደተሰካ ቀረ። ቅዳሜ ሌሊት መብራት ሄዶ ሲመጣ ዴስክቶፑ ሁለቱን እንደ አዲስ ቆጠረ። ፍላሹ ቀድሞ ነቃና «ኢ»ን ወሰደ። ኤክስተርናሉ ሲደርስ ቦታው ተይዟል፤ «ኤፍ» ተባለ።

ሼሩ የሚያውቀው ዲስኩን አይደለም፣ ፊደሉን ነው። ስለዚህ ታዛዥ ሆኖ የ«ኢ»ን ይዘት አሳየ፤ ማለትም የደንበኛዋን መዝሙርና መጥሪያ ካርድ። ፍላሹ ሲነቀል ደግሞ «ኢ» የሚባል ነገር ስለሌለ የሚያሳየው አጣ። የማታውቀው ሰው የግል ፎቶ ለቤቱ ሁሉ ተጋርቶ ማደሩንም ልብ በሉ። ለደንበኛዋ ይህን መንገር የእህት ድርሻ ሆነ፤ ነገረቻት፣ ተሳሳቁ፣ አለፈ።

መፍትሔው አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ነው። በዊንዶውስ የዲስክ ማስተዳደሪያ ገብቶ ለኤክስተርናሉ ከፊደል ተርታ ራቅ ያለ፣ ፍላሽ የማይደርስበት ፊደል መስጠት ነው። እኛ «ፒ» አልነው። አሮጌውን ሼር ሰርዘን፣ ሙሉ ዲስኩን ሳይሆን የሰርግ ፎልደሩን ብቻ እንደ አዲስ አጋራን።

ግን ይህን ወዲያው አላደረግነውም።

ከመጠገን በፊት መገልበጥ

ኤክስተርናሉ ሲከፈት ዊንዶውስ «ይህ ዲስክ ችግር አለበት፤ ፈትሸህ አስተካክል» የሚል ማስጠንቀቂያ አሳየ። እየጻፈ ሳለ መብራት የሄደበት ዲስክ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይላል። ወንድም ማውሱን «እሺ» ላይ አድርሶ ነበር። እጁን ያዝኩት።

ፈትሾ ማስተካከል ዲስኩ ላይ የሚጽፍ ሥራ ነው። ዲስኩ ጤነኛ ከሆነ ይጠቅማል። ሊሞት እያጣጣረ ከሆነ ግን የመጨረሻውን ትንፋሽ በጥገና ያባክናል። ሌላ ቅጂ ከሌለ መጀመሪያ መገልበጥ ነው። ገና ያልተረከቡ ሁለት ሰርጎች ነበሩ፤ በድምሩ 140 ጊጋባይት። ወደ ዴስክቶፑ የውስጥ ዲስክ መገልበጥ ጀመርን።

አሥር ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ኤክስተርናሉ ጠፋ። ተመልሶ መጣ። እንደገና ጠፋ።

ኬብሉን ተከትዬ ሄድኩ። የተሰካው ዴስክቶፑ ፊት ለፊት ባለው የዩኤስቢ 2 ፖርት ላይ ነው፤ ያውም በረጅም ማራዘሚያ። ዩኤስቢ 2 በደንቡ የሚሰጠው ጉልበት 500 ሚሊአምፔር ነው፤ ዩኤስቢ 3 ደግሞ 900። ለብቻው ሶኬት የሌለው፣ ውስጡ ሳህን የሚሽከረከርበት ዲስክ ለ500ው ጠርዝ ላይ ነው የሚኖረው። ማራዘሚያው ከዚያችው ላይ ይቆርሳል። ማራዘሚያውን ጥለን፣ በዲስኩ አጭር ኬብል፣ ከዴስክቶፑ ጀርባ ባለው ሰማያዊ ፖርት ሰካነው። አልጠፋም። ፍጥነቱም ሌላ ሆነ። በፊተኛው ፖርት በሰከንድ 33 ሜጋባይት አካባቢ ይሄድ ነበር፤ በዚያ ፍጥነት 140 ጊጋባይት ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። በኋለኛው ግን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አለቀ። በሳሎኑ ዋይፋይ እንገልብጥ ብንል ኖሮ፣ በሰከንድ 5 ሜጋባይት ብናገኝ እንኳ ስምንት ሰዓት ያህል ይሆን ነበር።

ቅጂው ካለቀ በኋላ ዲስኩን አስፈተሽነው። ጥቂት ስህተት አገኘና አስተካከለ። ከዚያ ነው ፊደሉን የቀየርነው።

ወንድም ከሰርቪስ ቤት በራሱ ላፕቶፕ ሞከረ። ተከፈተ! ሳሎን ሮጠ። አልተከፈተም። ያው የቀድሞው መልእክት።

አንድ ግቢ፣ ሁለት ኔትወርክ

እዚህ ላይ ነው የእትየ ንግግር ትዝ ያለኝ። «ዕቃው ከሳሎን የወጣው መቼ ነው?» አልኩ። ሐሙስ ነው ተባለ። ሳሎን ጫጫታ ሲበዛባት እህት ጠረጴዛዋን ወደ ሰርቪስ ቤት አዛውራለች። የሳሎኑ ዋይፋይ እዚያ ስለማይደርስ ወንድም ሁለተኛ ራውተር ገዝቶ፣ በማንጎው ሥር ኬብል አሳልፎ ተክሎላታል። ሥራው ንጹሕ ነው፤ ኬብሉ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ገብቷል። ኢንተርኔቱም ሰርቪስ ቤት ይሠራል። ስለዚህ ማንም ችግር አለ ብሎ አላሰበም።

ለእኔም ያልነገረኝ ተደብቆ አይደለም። ራውተር መጨመር ለእሱ «ለውጥ» አልነበረም፤ ማሻሻያ ነበር። እኔም «በዚህ ሳምንት ምን ተነካ?» ብዬ አልጠየቅኩም። የጠየቅኩት «ምን ተበላሸ?» ብዬ ነው።

የሁለቱን ኮምፒውተሮች አይፒ አድራሻ፣ ማለትም ኔትወርኩ ላይ የሚታወቁበትን ቁጥር፣ አየሁ። የሳሎኑ ላፕቶፕ 192.168.1.107 ነው። ዴስክቶፑ 192.168.0.102። ሦስተኛውን ቁጥር ተመልከቱ፤ አንዱ 1፣ ሌላው 0 ነው። በቤት ኔትወርክ ይህ ማለት በሁለት የተለያዩ አጥሮች ውስጥ ናቸው ማለት ነው።

ሁለተኛው ራውተር ኬብሉን የተቀበለው «ዋን» በሚባለው፣ ለኢንተርኔት መግቢያ በተሠራው ፖርት ነው። በዚህ ሲሰካ ራውተሩ የራሱን ግቢ ያጥርና በሩ ላይ ዘበኛ ይሆናል። ከውስጥ የሚወጣውን ያሳልፋል፣ መልስ ይዞ ሲመለስም ያስገባል። ከውጭ ሳይጠራ የመጣን ግን አያስገባም። ሞከርነው፤ ከዴስክቶፑ የሳሎኑን ራውተር ፒንግ ስናደርግ («አለህ ወይ?» ብለን ስንጠራው) ይመልሳል። ከሳሎኑ ላፕቶፕ ዴስክቶፑን ስንጠራ ዝም። የወንድም ላፕቶፕ የሚሠራው ከዴስክቶፑ ጋር በአንድ አጥር ውስጥ ስለሆነ ነው።

ስለዚህ መብራት ባይሄድም፣ ፍላሽ ባይረሳም፣ ሳሎኑ ከሐሙስ ጀምሮ ተዘግቶ ነበር። ከሐሙስ እስከ እሑድ ሳሎን ሆኖ የሞከረ ሰው ስላልነበረ አልታወቀም።

መፍትሔው ሁለተኛውን ራውተር ከዘበኝነት አውርዶ ተራ ማከፋፈያ ማድረግ ነው። ሦስት ነገር ይጠይቃል። የራሱን አድራሻ ከሳሎኑ ራውተር ጋር ወደማይጋጭ፣ ግን በዚያው ተርታ ወዳለ ቁጥር መቀየር፤ አድራሻ ማደሉን (ዲኤችሲፒ የሚባለውን) ማጥፋት፤ ኬብሉን ከዋን ፖርት ነቅሎ ከተራዎቹ ፖርቶች አንዱ ላይ መሰካት።

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። እኔ አድራሻ ማደሉን ቀድሜ አጠፋሁት። ራውተሩ ሲነሳ ላፕቶፔ የሚሰጠው አድራሻ አጥቶ በ169.254 የሚጀምር ቁጥር ለራሱ ፈጠረ። ይህን ቁጥር ስታዩ «አድራሻ የሚሰጠኝ አጣሁ» ማለቱ ነው። ወደ ራውተሩ ገጽ መመለስ አቃተኝ። በክሊፕ ጫፍ የኋላውን ቁልፍ ተጭኜ ወደ ፋብሪካ ሁኔታው መለስኩትና ከሀ ጀመርኩ። ወንድም ፈገግ አለ። ደስ ብሎት ይመስለኛል፤ ጠዋት ፋየርዎል ስላጠፋ ስቆጣው ነበርና።

በሁለተኛው ሙከራ ራውተሩን 192.168.1.2 አልነው። ለዴስክቶፑ ደግሞ ከሳሎኑ ራውተር ላይ 192.168.1.50 ለሁልጊዜ ተያዘለት። አድራሻው መብራት በሄደ ቁጥር ከተቀያየረ ነገ ሌላ ድራማ ስለሚሆን ነው።

ፒን ፓስወርድ አይደለም

ሳሎን ተመለስን። መልእክቱ ተቀየረ! አሁን ስምና ፓስወርድ ይጠይቃል። ሰው ግራ ይጋባል፤ እኔ ግን የስህተት መልእክት ሲቀየር ደስ ይለኛል። ማንኳኳታችን ተሰምቷል፣ «ማን ነህ?» እየተባልን ነው።

በዚህ ሰዓት መሽቷል። እህትም ከቀረጻ ተመልሳለች፤ ፎቶዎቿን በዓይኗ ካየች በኋላ ነው እራት የበላችው። ዴስክቶፑን የምትከፍትበትን ፒን ጻፈች። ተሳስቷል ተባለች። ደገመችው።

ፒን የሚሠራው በተፈጠረበት ኮምፒውተር ላይ፣ ፊት ለፊት ተቀምጦ ለሚከፍት ሰው ብቻ ነው። በኔትወርክ ለሚመጣ የሚያስፈልገው የአካውንቱ እውነተኛ ፓስወርድ ነው። የእሷ አካውንት የማይክሮሶፍት አካውንት ነው፤ ፓስወርዱን ከዓመታት በፊት አውጥታ ረስታዋለች። ታዲያ እስከዛሬ እንዴት ሠራ? የዱሮው የሳሎን ላፕቶፕ ያኔ የተጻፈለትን ፓስወርድ አስቀምጦት ነበር። ላፕቶፑ ሲሞት አብሮ ተቀበረ።

ወንድም «ፓስወርድ የሌለው አካውንት እንፍጠር» አለ። ፈጠርን። አልገባም። ዊንዶውስ ባዶ ፓስወርድ ያለው አካውንት በኔትወርክ እንዲገባ በነባሪ አይፈቅድም፤ ልክም ነው። ሰኞ ጠዋት ተመልሼ ዴስክቶፑ ላይ ለምርጫ ብቻ የሚሆን የውስጥ አካውንት ከነፓስወርዱ ፈጠርን። ማየት ይችላል፤ መሰረዝም መቀየርም አይችልም። ይህ ከመጀመሪያውም መሆን የነበረበት ነው። ሙሽሮች አብረዋቸው ልጅ ይዘው ይመጣሉ፣ ልጅ ደግሞ ቁልፍ ሁሉ ይጫናል።

አንድ ፎልደር ብቻ አሁንም «አልተፈቀደልህም» አለ። ከአሮጌ ኮምፒውተር የመጣ፣ የአሮጌውን ባለቤት ፈቃድ የተሸከመ ነበር። የሼሩ ፈቃድና የፎልደሩ ፈቃድ ሁለት ናቸው፤ ሲጋጩ ጠበቅ ያለው ያሸንፋል። ፎልደሩ ላይ ያለውን አስተካከልን።

የፈታነውን መልሶ ማሰር

ሲከፈት ሁሉም ሰው እልል ይልና ይሄዳል። እኔ ግን እሑድ ጠዋት የተነካካውን ሁሉ ጽፌ ይዤ ነበር። ፋየርዎሉን መልሰን አበራን። እኔ ራሴ በችኮላ ያላላሁትን የፊርማ ግዴታ መለስኩ።

ኤስኤምቢ 1ን አጠፋን። ይህ በ2009 ግንቦት፣ በፈረንጆቹ 2017፣ ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ በዓለም ዙሪያ የተዛመተበት ቀዳዳ የነበረበት ቋንቋ ነው። በፈረንጆቹ 2017 መጨረሻ አካባቢ ከወጣው የዊንዶውስ 10 ስሪት ጀምሮ ማይክሮሶፍት ራሱ ከነባሪው ጭነት ያወጣው ጀመር። አንድ ማሽን ላይ «ለሙከራ» በርቶ የሚረሳ ነገር አይደለም። የሦስት ዓመት ሰርግ በአንድ ኤክስተርናል ላይ ያለበት ቤት ደግሞ ጭራሽ።

ሳንነካው ደህና ሆኖ የተገኘም አለ። ዊንዶውስ ኔትወርኩን «የሕዝብ» ብሎ ከያዘው ማጋራትን ይዘጋል። የዴስክቶፑ «የግል» ተብሎ ነበር። እሑድ ጠዋት ይህንንም ጠርጥሬ ነበር።

ለሌላ ቤት የሚሆን

ከዚህ ቤት ወዲህ የመጀመሪያ ጥያቄዬን ቀይሬያለሁ። «ምን ተበላሸ?» አልልም። «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ምን ገዛችሁ፣ ምን አዛወራችሁ፣ ምን ነቀላችሁ?» እላለሁ። የምጠይቀውም ኮምፒውተር የሚያውቀውን ልጅ ብቻ አይደለም። ቡና የምታፈላዋ ሴት ማን ምን ተሸክሞ በየት እንዳለፈ ከልጁ በተሻለ ታውቃለች።

ሁለት ቦታ ሆኖ መሞከርም ብዙ ያሳጥራል። ሰርቪስ ቤት ሠርቶ ሳሎን እንቢ ካለ፣ ዲስኩና ሼሩ ንጹሕ ናቸው፤ ጥፋቱ መሃል ላይ ነው። ይህን ሙከራ ለማድረግ እውቀት አያስፈልግም፣ ላፕቶፕ ይዞ በግቢው መሄድ ይበቃል። አይፒ አድራሻ ላይ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ ሦስተኛውን ቁጥር ማነጻጸር ጥሩ ነው። የማይመሳሰል ከሆነ ፓስወርድ ላይ መድከም ትርፉ ድካም ነው።

አንዱ ተስተካክሎ ሁኔታው ካልተለወጠ፣ ማስተካከያው ስህተት ነበር ማለት ላይሆን ይችላል። ከኋላው ሌላ ሊኖር ይችላል። ፊደሉን ከቀየርን በኋላ ሳሎኑ ሲያቅተን ወንድም «ወደ ነበረበት እንመልሰው» ብሎኝ ነበር። ብንመልሰው ኖሮ ሦስቱን ችግሮች በአንድ ላይ ይዘን ሰኞን እንቀበል ነበር። የተስተካከለው ሳይፈርስ የቆየው ደረጃ በደረጃ ስላረጋገጥን ነው፦ እዚህ ድረስ ደህና ነው፣ ከዚህ ወዲያ ነው የቀረን።

ነቅሎ መሰካትን በተመለከተ ደግሞ፣ የደንበኛ ፍላሽ ሥራው እንዳለቀ ይነቀል። ዛሬ ዴስክቶፑ ላይ በእህት እጅ የተጻፈች ወረቀት ተለጥፋለች፤ «የሰው ፍላሽ እዚህ አያድርም» ትላለች።

አሁን ያለበት ሁኔታ

ሰኞ ከሰዓት ሙሽሮቹ በቀጠሯቸው መጡ። ሳሎን ተቀምጠው መረጡ። ከታንኳዋ ላይ የተነሱትን ፎቶዎች በሙሉ ጣሉ፤ ሙሽራው ፈርቶ ፊቱ ተኮማትሯል።

እህት ሁለተኛ ኤክስተርናል ገዝታለች። በየሳምንቱ ሰኞ ትገለብጥና ነቅላ ቁም ሳጥን ውስጥ ታስቀምጣለች። ዴስክቶፑ ላይ ያለው ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል፤ ማሽኑን የመቀየር ወሬ ተጀምሯል። ወንድም ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ መብራት ሄዶ ሼሩ ሲያስቸግር ራሱ ፈትቶታል፤ በአንደኛው የሁለተኛው ራውተር ሶኬት ብቻ ነበር የተነቀለው።

መብራት ሲሄድ ዴስክቶፑን ለጥቂት ደቂቃ ይዞ በሥርዓት የሚያስጠፋው ዩፒኤስ ግን እስካሁን አልተገዛም። ስጠይቃት «ከጥር ሰርግ በኋላ» አለችኝ።